በረዶ በእንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ ለሰው አልናገርም። ዛሬ ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ የተሳፈረ ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ኦኬ፣ ኦኬ» ሲል ስሰማ ዝም ብዬ መንገዱን አያለሁ። የእኔ እንግሊዝኛ እንደዚያ በነጻ የተገኘ አይደለም። የጻፍኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ስምንት ቃል እንኳ አይሞላም። ለዚያች ዐረፍተ ነገር ግን ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ፊት ቆሜያለሁ፣ ቦኖ ውሃ ላይ ሰው ሸሽቶኛል፣ አንድ ሰው ደግሞ ዶሮ ታቅፎ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለምኖኛል። እስቲ እንግሊዝኛ ከሚችሉት መካከል ዶሮ የመጣለት ካለ እጁን ያውጣ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ዓመቱን አልናገርም፤ ከተናገርኩ ዕድሜዬን ቁጭ ብላችሁ ትደምራላችሁ። ትምህርቴን ለምን ከሰባተኛ ክፍል እንዳቋረጥኩም አልናገርም። ያስቋረጠኝ ሰው ሞቷል፣ ነፍስ ይማር፤ ከሞተ ሰው ጋር አልጣላም። የእኔ ጠብ በሕይወት ካሉት ጋር ነው።

በሕይወት ካሉት አንዱ አቶ አለበል ይባላል። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ወረቀቱ የራሴ ስለሆነ አንተ እለዋለሁ።

እኔ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ወለል እጠርጋለሁ፣ ሻይ አመላልሳለሁ፣ ደብዳቤ አደርሳለሁ። አቶ አለበል የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነው። መዝገብ ቤቱ በር አጠገብ ባለጉዳይ እንዲያርፍበት የተገዛ አንድ ወንበር ነበር። በዚያ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። አቶ አለበል ፋይል ይቆልልበታል። ከጋይንት ድረስ በእግሩ የመጣ ሽማግሌ እንኳ ቆሞ ነው የሚጠብቅ። «ባለጉዳይ ከተቀመጠ ይለምደዋል» ይል ነበር።

አንድ ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመዝገብ ቤት አንድ ሠራተኛ እንደሚፈለግ ተለጠፈ። ስምንተኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ይላል። ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ሙጫው ገና እጄ ላይ ሳለ ነው የተመኘሁት። ገባሁና እንደ ባለጉዳይ ቆሜ፣

«አቶ አለበል፣ በማታው ክፍል ስምንተኛን ጨርሼ ብመጣ ይህን ሥራ አገኛለሁ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከእኔ ይልቅ መጥረጊያዬን ነው ያየው።

«አንቺ? ፋይል ልትይዢ?» አለ። «በሳሙና አጥበሽ ልታሰጪልን ነው?»

አጠገቡ የነበረችው ታይፒስት እስክታለቅስ ሳቀች። እሷንም አልረሳኋት፤ ግን የእሷ ተራ ዛሬ አይደለም።

በማግስቱ ተመዘገብኩ። የማታ ትምህርት ይባል እንጂ የሚጀመረው ከሥራ መልስ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። የመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍቼ ስገባ የፊተኛው ዴስክ ላይ ማን ተቀምጧል? አቶ አለበል! ለካ መዝገብ ቤቱን ሙሉ የሚያዘው ሰውዬ እሱም ሰባተኛ ላይ ቆሞ ኖሯል። ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ። ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ ሥራ ያለበት መሰለ። ከኋላው ሦስት ዴስክ አልፌ ተቀመጥኩ። የሰው ማጅራት አይቼ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን መምህር ዮናስ ይባላል፤ ከናዝሬት የመጣ ልጅ እግር ነው። ናዝሬት ሙቀት ነው አሉ፤ እሱ ደብረ ታቦር ላይ ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ በላዩ ካፖርት ጭኖ፣ ጠመኔ የያዙትን ጣቶቹን እፍ እፍ እያለ ነበር የሚያስተምረን። ሁላችንንም፣ እኔንም ጭምር፣ እርስዎ ይለን ነበር። በዚያ ዕድሜዬ የተማረ ሰው እርስዎ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ለዚያ ብቻ ስል እንግሊዝኛውን አልተውም አልኩ።

አንድ ቀን በጥቁር ሰሌዳው መሃል ለመሃል ቀጥ ያለ መስመር አሰመረና፣ «በግራ በኩል ሊሆን የሚችል ነገር ትጽፋላችሁ። በቀኝ በኩል እሱ ከሆነ የሚመጣውን። ግራው በኢፍ ይጀምራል፤ ዊል ግን የቀኙ ንብረት ነው፤ መስመሩን ተሻግሮ ወደ ግራ አይገባም» አለ። ለእኔ ይህ ግልጽ ነው። የማሳ ድንበር ማለት ነው። ከዚያ ምሳሌውን ጻፈ፦ ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ አይ ዊል ቴክ ማይ አምብሬላ። ዝናብ ከዘነበ ጃንጥላዬን እይዛለሁ።

እትየ የሺ እጇን አነሳች። እትየ የሺ ድንች ነጋዴ ናት፤ ልጆቿን ሁሉ አስተምራ ስትጨርስ ራሷን ልታስተምር የመጣች።

«መምህር፣ ይቅርታ አርግልኝና፣ እዚህ አገር "ከዘነበ" አይባልም።»

«ለምን እትዬ?»

«ይዘንባላ! ምኑ ይጠረጠራል? "ካባራ" ብለህ አስተምረን።»

ሌላው ችግር የፈቃድ ነገር ነው። የእኛ አገር ሰው ስለ ነገ ተናግሮ እንዲሁ አያቆምም። አብሮን የሚማር አንድ ጤና ረዳት ተነሥቶ «ኢፍ አይ ጎ ቱ ማርኬት፣ አይ ዊል ባይ ሶልት» አለ፤ ልክ ነው። ግን አልቀመጥ አለ። ቆሞ ሲያመነታ ቆየና «ኢፍ ጎድ ዊል»፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ፣ ብሎ ጨመረበት። መምህሩ ዊል ወደ ግራ ተሻገረች ብሎ ሲጮህ ጤና ረዳቱ «ያለሷማ ነገን እንዴት እደፍራለሁ?» አለ። ሁላችንም ወደ አቶ አለበል ዞርን፤ በቀበሌው የምርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆነ እሱ ባለበት የእግዚአብሔርን ስም መጥራት ያስፈራል። እሱም ተራው ደርሶ ተነሣ። እንደ ማንኛችንም ፈቃድ መጠየቅ አማረው፤ የማንን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ግን ጨነቀው።

«መምህር» አለ በመጨረሻ፣ «"ሁኔታዎች ከተመቻቹ" በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?»

እኔን ብትጠይቁኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዊልን ከሁለቱም ወገን ነበር የማስገባት። በመጨረሻ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ኮሪደር በጠመኔ ለሁለት ከፈልኩት። በግራው በኩል ስጠርግ የኢፍን፣ ወደ ቀኝ ዘልዬ ስጠርግ የዊልን እላለሁ። ሰው ሳይገባ በጠዋት ነው የማደርገው። አንድ ጠዋት መጥረጊያዬን እንዳነሣሁ በአየር ላይ እያለሁ አቶ አለበል በሩን ከፍቶ ገባ።

«በስመ አብ! ምን ሁነሽ ነው? ዛር ነው?»

«እየጠረግሁ ነው፣ አቶ አለበል።»

«እየዘለልሽ?»

«ማዕዘኑን ላለመርገጥ ነው» አልኩ። ማዕዘን በኮሪደሩ መሃል እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ያን ቀን ግን ዊል በቦታዋ ገባችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከቦታዋ ነቅንቄያት አላውቅም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጥቅምት ሲገባ መምህሩ «ከራሳችሁ ሕይወት አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ» አለን። ሌላው ስለ ጃንጥላና ስለ ጨው እንደሚጽፍ አውቄያለሁ። እኔ ደግሞ እንደ ሌላው መሆን አልወድም። በመዝገብ ቤቱ መስኮት ሳይ ከከተማው ዳር ያለው የቀበሌው የጋራ ገብስ ይታየኛል። በዚያ ዓመት ገብሱ ያምር ነበር፤ ቀልሞ ወደ ወርቅ ሊለወጥ ነው። አቶ አለበል የኮሚቴው ሰብሳቢ ስለሆነ ገብሱን የሚያየው ልጁ ዲፕሎማ ልትቀበል የደረሰች አባት መስሎ ነበር። የአውራጃ ሰዎች ሊጎበኙት ነው ተብሎ አንድ ቀይ ጨርቅ ላይ መፈክር ሁሉ ተጽፏል።

ገብስ በዚያ ሰዓት የሚፈራው ነገር አንድ ነው። እኛ ዘንድ እህሉ ማሳ ላይ ሳለ ያን ነገር በስሙ አንጠራውም። «ነጩ» እንለዋለን፤ የሚያስተውል ሰው ደግሞ ነጩም ሳይል ዝም ይላል። ስሙን መጥራት ሟርት ነው፤ የጠሩት የጠሪውን ቤት ያውቃል። እኔም ይህን በደንብ አውቃለሁ፤ ባማርኛ ቢሆን ጥርሴን ቢነቅሉኝ አልለውም ነበር።

ግን በእንግሊዝኛስ?

ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው። የመዝገብ ቤቱን ሽፋን የሌለው መዝገበ ቃላት ወለል ስወለውል ከፍቼ ቃሉን ፈለግሁት። ሄይል። አጭር ናት። ከክፍሉ ውስጥ ማንም እንደማያውቃት እርግጠኛ ነበርኩ። ደግሞም እንግሊዝኛ የሚሰማ በረዶ ደብረ ታቦር ሰማይ ላይ አለ ብዬ አላሰብኩም። ጻፍኩ፦ ኢፍ ሄይል ፎልስ፣ ዘ ባርሊ ዊል ዳይ። በረዶ ከወደቀ ገብሱ ይሞታል።

መምህር ዮናስ ደብተሬን አንብቦ ጣቶቹን እፍ ማለት ተወ። «ይህ ነው! ይህ ነው ከሕይወት የመጣ!» አለ። ሰሌዳው ላይ ይጻፉት ተባልኩ። በመስመሩ ግራና ቀኝ፣ በትልልቁ፣ እስከ ዛሬ በማልደግመው ቆንጆ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩት። ከዚያ «ሁላችሁም ከእሳቸው ጋር፣ ሦስት ጊዜ!» አለ። መስኮቱ ክፍት ነው። ወደ አርባ የምንጠጋ ትልልቅ ሰዎች ወደ ገብሱ ዞረን «ኢፍ ሄይል ፎልስ» እያልን ሦስት ጊዜ ጮህን። ከሁሉም በላይ የጮኸው አቶ አለበል ነው፤ መምህሩ እንዲሰማው።

ሦስተኛው ጩኸት ሲያበቃ እትየ የሺ፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሄይል ምንድን ነው?» አለች።

የናዝሬት ልጅ ምን ያውቃል! ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «በረዶ!» አለ።

ከኋላ አንዱ አማተበ። ጤና ረዳቱ በመስኮት ተፋ። እትየ የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ምነው ልጄ! ከሰማንያ ነገር መርጠሽ? ጃንጥላው ምን ነበረበት?»

«በእንግሊዝኛ እኮ ነው፣ እትየ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ይሁን እስቲ» አለች። «እንዳልሰማ ያድርገው።»

ሰምቷል። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረና የቆርቆሮው ጣራ መጮህ ጀመረ። ሻይ ይዤ መዝገብ ቤት ነበርኩ። በመስኮቱ ሳይ ነጩ ነገር ገብሱ ላይ ይዘንባል እንጂ ሌላ ቦታ ያለ አይመስልም። ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሲያቆም ገብሱ በሬ የተኛበት ሣር መስሎ ነበር። አቶ አለበል ከመስኮቱ ዞሮ እኔን አየኝ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኩትን ትቶ ፊቴን አየ።

አሁን ደግሞ የምትሰሙትን በአደራ ያዙልኝ። በነሐሴ መጨረሻ አንድ መሪጌታ መዝገብ ቤት መጥተው ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ በረዶ በመከልከል የታወቁ ናቸው፤ ደመና ሲጠቁር ኮረብታ ላይ ቆመው ቀንድ እየነፉ በግዕዝ የሚሉትን ይላሉ። አቶ አለበል በሩን ዘግቶ «የቀበሌውን ገብስ እስከ አጨዳው ድረስ ይጠብቁልን፤ ነገሩ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር» ሲላቸው እኔ ጠረጴዛው ሥር እጠርግ ነበር። መጥረጊያ የያዘ ሰው ጆሮ ያለው አይመስላቸውም። በየሳምንቱ ቀይ መጽሐፍ ይዞ ስለ ኋላቀር እምነት የሚያስተምረን ሰው ነው ይህን ያለው።

ታዲያ ገብሱ ሲወድቅ አቶ አለበል መሪጌታውን ሊወቅስ ሄደ። እሳቸው ምን ቢሉት ጥሩ ነው?

«ልጄ፣ እኔ በግዕዝ የሚጠራውን በግዕዝ እመልሳለሁ፤ ባማርኛ የሚጠራውንም እመልሳለሁ። በእንግሊዝኛ ከጠሩት ምን ላድርገው? ቀንዱን ብነፋ፣ ብነፋ፣ አልሰማ አለኝ።»

ይህችን ቃል፣ የሁለቱን ውል ሳያነሡ፣ መሪጌታው በእርሳቸው መንገድ፣ አቶ አለበል በእርሱ መንገድ አሰራጯት። በሁለት ቀን ውስጥ ደብረ ታቦር በሙሉ በረዶ በእንግሊዝኛ የምትጠራ ሴት እንዳለች አወቀ።

ቦኖ ውሃው ላይ እንስራዬን ሳስቀምጥ ሴቶቹ እንስራቸውን ያነሣሉ። አጥር ለአጥር የምንኖር ጎረቤቴ ያሰጣችውን በርበሬ እኔ በመንገድ ሳልፍ በሰፌድ ትሸፍናለች። ያቺ ሰፌድ ዛሬም ፊቴ ላይ አለች። ልጆች «ወይዘሮ ነጯ» የሚል ስም አወጡልኝ። አንድ እሁድ ደግሞ ከይፋግ በጭነት መኪና ተሳፍሮ የመጣ ሰው በሬን አንኳኳ፤ በብብቱ ቀይ ዶሮ ታቅፏል።

«እንግሊዝኛ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ» አልኩ። ኩራት ነው እንዲህ የሚያስብል፤ ሌላ ምንም አይደለም።

«ወንድሜ ድንበር ገፍቶብኝ ነው። ትንሽ፣ በሱ ማሳ ላይ ብቻ... ከግራሩ ወዲህ ሳትሻገር።»

መስመሯን ሳትሻገር! መምህር ዮናስ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር አስቡት። ሰውየውን ከነዶሮው መለስኩት። ዶሮዋን ሁለቴ ማየቴን ግን አልደብቅም።

ለእኔ የቆመች እትየ የሺ ብቻ ነበረች። ገበያ መሃል ቆማ፣ «የኔ ድንች መሬት ውስጥ ስለነበር እንግሊዝኛውን አልሰማም፤ እኔ ክስ የለኝም» አለች። መሟገቻ ነው ይህ? ቢሆንም ያን ቀን አልቅሼላታለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ከቀበሌው መጥሪያ መጣ። እዚህ ላይ የቀበሌውን ጭንቀት እዩልኝ። በሟርት እንዳይከሱኝ ሟርት የለም ብለው አውጀዋል። እንዳይተውኝ ደግሞ ገብሱ ወድቋል፣ የአውራጃ ሰዎችም ሊመጡ ነው። ስለዚህ አቶ አለበል ቁጭ ብሎ ክሱን በራሱ እጅ እንዲህ ሲል ጻፈው፦ «በባዕድ ቋንቋ በምርት ላይ ቅስቀሳ ማካሄድ።»

ሁለቴ አነበብኩት። ያን ጊዜ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያላገኘ ሰው ለስምንተኛ ክፍል ፈተና አይመዘገብም፤ ፈተናውን ያልወሰደ ደግሞ መዝገብ ቤት አይገባም። ከተፈረደብኝ ዕድሜ ልኬን መጥረጊያ እንደያዝኩ ልቀር ነው። ያም ካልታሰርኩ ነው።

ሸንጎው የተቀመጠው በቀበሌው አዳራሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰብሳቢው ጓድ ሙላት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወልቁ ነው የመጡት። ግራና ቀኛቸው ሁለት ዳኞች አሉ። ከሳሽ አቶ አለበል ተቀምጧል። እኔ ቆሜያለሁ።

መጀመሪያ መምህር ዮናስ ለምስክርነት ተጠራ። ሦስተኛ ሹራብ ደርቦ መጥቷል፤ ጥርሱ ግን ይንቀጠቀጣል።

«ጓድ መምህር፣ ይህ ዐረፍተ ነገር ምንድን ነው?»

«ሁኔታዊ ዐረፍተ ነገር ነው። አንደኛው ዓይነት።»

«የምን ሁኔታ? የአገሪቱን?»

«ኧረ የለም፣ የለም! የሰዋስው ነው።»

«አንደኛው ካልክ ሌላም አለ ማለት ነው?»

«አዎ፤ ሦስት ናቸው።»

ዳኞቹ ተያዩ። ጸሐፊው «ሌሎች ሁለት ያልተያዙ እንዳሉ ታውቋል» ብሎ መዘገበ። መምህሩ ላብ በላብ ሆኖ ተቀመጠ። ከናዝሬት ከመጣ ሲሞቀው የመጀመሪያው ነው።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ።

«ጓዲት» አሉ ጓድ ሙላት፣ «ገብሱ ይሞታል ብለሽ ጽፈሻል ወይስ አልጻፍሽም?»

ያን ጊዜ ፍርሃቴን አንድ ነገር ገፋው። ምን እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ፦ ንዴት ነው። ዐረፍተ ነገሬን ግማሹን ቆርጠው ነው ያነበቡት! ሦስት ሳምንት ኮሪደር ላይ የዘለልኩበትን!

«ቀኙን ብቻ ነው ያነበቡት» አልኩ። «ግራውስ?»

«የምን ግራ?»

«ጠመኔ ይስጡኝ።»

በአዳራሹ ውስጥ የመሠረተ ትምህርት ሰሌዳ ነበር። መሃል ለመሃል መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር፤ ይህን ለሚያነብ ሁሉ በድፍረት እናገራለሁ፣ ቀጥ ያለ ነበር።

«ጌቶቼ» አልኩ፤ ጌቶቼ ማለት እንደተከለከለ ትዝ ሲለኝ «ጓዶች» ብዬ አረምኩት። «እንግሊዝኛው እንዲህ ነው የሚሠራ። በግራ ያለው ካልሆነ በቀኝ ያለው አይመጣም። እኔ ገብሱ ይሞታል አላልኩም። በምሳሌ ላሳያችሁ። በግራ፦ ይህች ሴት በቃሏ በረዶ አወረደች ብላችሁ ከጻፋችሁ። በቀኝ፦ ቃለ ጉባኤው ወደ አውራጃ ይሄዳል።»

«ይሄዳል፤ ታዲያስ?» አሉ ጓድ ሙላት።

«በግራ፦ አውራጃ ካነበበው። በቀኝ፦ ይህ ቀበሌ ቃል በረዶ ያወርዳል ብሎ ያምናል ይላል። እንዲህ ካለ፣ ያስተማራቸው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ከጠየቀ፣ እኔን ያስጠራኛል። ሦስት ጊዜ ጮሃችኋል ከተባለ፣ ከሁሉም አብልጦ የጮኸውን እጠራለሁ። እኔ ከተጠየቅሁ ደግሞ...» ብዬ ወደ አቶ አለበል ዞርኩ፣ «በነሐሴ መጨረሻ መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ሥር ስጠርግ የሰማሁትን እናገራለሁ።»

አቶ አለበል ኮቱን መቆለፍ ጀመረ፤ ቁልፉን ግን ከማይገባው ቀዳዳ ነው ያስገባው።

«ምንድን ነው የሰማሽው?» አሉ ጓድ ሙላት።

«ገና ነው፣ ጓድ ሰብሳቢ። ግራው ሳይሆን ቀኙ አይመጣም። ሕጉ እንደዚያ ነው።»

እውነት እላችኋለሁ፣ አንደኛውን ዓይነት ሁኔታዊ ዐረፍተ ነገር የተማርኩት እዚያ ቆሜ ነው። መምህር ዮናስ ሕጉን ነገረኝ፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን ያን ቀን ገባኝ። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎች ሲናገሩብኝ የኖርኩት በዚሁ ሰዋስው ነው። ከስብሰባ ከቀረሽ ትቀጫለሽ። ከተናገርሽ ትባረሪያለሽ። ግራውን ይዤ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

አቶ አለበል ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ሁኔታዎች ከተመቻቹ... ክሱን አንስቼ በስምምነት...»

«ተመቻችተዋል» አሉ ጓድ ሙላት ሜትራቸውን ከአንገታቸው እያወለቁ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የት እንደሚቆረጥ ያውቃሉ።

ውሳኔው ባጭሩ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ተከሳሿ ለወደፊቱ ምርታማ ምሳሌዎችን እንድትጠቀም ተመክራ በነጻ ተሰናብታለች።» የድጋፍ ደብዳቤዬን በዚያው ቀን ወሰድኩ። እትየ የሺ አዳራሹ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝና፣

«ምን አልሻቸው?» አለችኝ።

«ከዘነበ ጃንጥላዬን እይዛለሁ አልኳቸው።»

«ይበል!» አለች።

ፈተናውን አለፍኩ። ከፈተናው ጥያቄዎች አንዱ ኢፍ ላይ ነበር፤ ሌላ የቱንም ብስት እሱን አልሳትኩም። በመስከረም ያው ማስታወቂያ እንደገና ሲለጠፍ መዝገብ ቤት ገባሁ። አቶ አለበል ስምንተኛን ያለፈው ከእኔ በኋላ ነው፤ ስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ፋይሉ ውስጥ ስላየሁት አልናገርም፤ የመዝገብ ሠራተኛ ምስጢር ትጠብቃለች።

በመጀመሪያው ሳምንት የራሴን ፋይል አወጣሁ። እዚያ ውስጥ አገኘሁት፤ በእጁ የጻፈው ክስ፣ «በባዕድ ቋንቋ በምርት ላይ ቅስቀሳ»። ማንም አላየኝም፤ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ብከተው የሚያውቅ የለም። አልቀደድኩትም። ገጽ ቁጥር ሰጠሁትና በቦታው መለስኩት። ዛሬም እዚያው አለ።

ዓመታት አለፉ። ያ መንግሥት ወደቀ፣ ሌላ መጣ፣ መዝገብ ቤቱ ግን መዝገብ ቤት ነው። ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ መቋሚያ ይዘው ቆሙ። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ የነበረው አቶ አለበል ነው፤ ለጡረታው የድሮ ፋይሉ ያስፈልገዋል። እጁን ወንበሩ ወዳለበት ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው። እሱ ራሱ ያወጣውን ልማድ አልረሳውም። ወንበሩ ላይ ደግሞ በዚያን ቀን ፋይል ተቆልሎበት ነበር፤ እንዲሁ አጋጣሚ ሳይሆን አይቀርም፤ አጋጣሚ አይደለም የሚል ካለም አልከራከረውም።

ተነሣሁ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከወንበሩ ላይ አነሣሁ። አቧራውን በመዳፌ ጠረግሁ፤ መጥረግ መቼም ከእጄ አይጠፋም። ከዚያ ቀና ብዬ፣ ታይፒስቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ፣

«ኢፍ ዩ ሲት ዳውን፣ አይ ዊል ፋይንድ ዩር ፋይል» አልኩት።

ገብቶታል። አንድ ክፍል ነው የተማርነው። መቋሚያውን ጉልበቱ መሃል አቁሞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ግራው ሆነ። ወደ መደርደሪያው ሄድኩና ፋይሉን አወጣሁለት። እኔ ዊል ካልኩ ዊል ነው።